ክንዴ አልነሳ አለኝ፦ የትከሻ ቡርሳይተስን የማከሚያና የመከላከያ መንገድ

ደሴ ውስጥ «ትከሻዬን አመመኝ» ያለ ሰው መጀመሪያ የሚመረመረው በጎረቤት ነው። ውጤቱም ወዲያው ይነገረዋል፤ «ብርድ ነው»። ጦሳ ተራራ ሥር ለሚኖር ሰው ይህ ፍርድ አይገርምም። ክረምት ላይ ጭጋጉ ከተማውን ሲሸፍን የማይቆረጥም አጥንት ያለ አይመስልም። ግን ክንዱ ወደ ታች ሲንጠለጠል ዝም ብሎ፣ ጋቢ ለመደረብ ሲነሳ የሚያስጮህ ትከሻ የብርድ ጉዳይ አይደለም። ብርድ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ የገባ ሁሉ በዳነ ነበር። ኮምቦልቻ ሞቃት ናት፤ ስፌት ማሽን ላይ የሚውሉት ልጆች ግን ያንኑ ትከሻ ይዘው ነው ማታ ቤታቸው የሚገቡት።

ብዙውን ጊዜ ትከሻውን እዚህ የሚያደርሰው ሥራ ነው። በተለይ ክንድን ከትከሻ በላይ አንስቶ ደጋግሞ የሚሠራ ሥራ። ሕክምናውም በአብዛኛው እዚያው ይጀምራል፤ ክንዱን ሳያስሩ፣ ሳያሹ፣ ሳይጎትቱ እያሳረፉ ማንቀሳቀስ፣ ከዚያም ያሳመመውን ሥራ አሠራሩን መቀየር።

ውስጡ ምን ሆኖ ነው?

ትከሻችሁን ከላይ ስትነኩት ጫፉ ላይ ጠንከር ያለ አጥንት ታገኛላችሁ። ከዚያ አጥንት ሥር ክንድን የሚያነሳ ጅማት ያልፋል። በአጥንቱና በጅማቱ መካከል ደግሞ ቡርሳ የሚባል ስስ ከረጢት አለ። ጠብታ ዘይት ገብቶበት የታሰረ ፌስታል አስቡ። ሥራው ሁለቱ እንዳይፋተጉ ማድረግ ነው። ክንድ ወደ ላይ በተነሳ ቁጥር ቦታው ይጠባል። ይህ በቀን መቶ ጊዜ ሲሆን፣ ወይም በትከሻ ስትወድቁ፣ ከረጢቱ ይቆጣል፤ ፈሳሽ ይሞላል፤ ያብጣል። ሲያብጥ ቦታው የበለጠ ይጠባል፤ ሲጠብ የበለጠ ይፋተጋል። ቡርሳይተስ የሚባለው ይህ ነው። ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን ያለው ጅማትም አብሮ ይቆጣል። ስለዚህ ሐኪሙ አንዳንዴ ሌላ ስም ቢሰጠው አትደናገጡ፤ የቤት ውስጥ ሕክምናው በአብዛኛው አንድ ነው።

መጀመሪያ፦ እሱ መሆኑን ለዩ

መስታወት ፊት ቁሙና ክንዳችሁን በጎን በኩል ቀስ ብላችሁ አንሱ። የቡርሳ ሕመም መጀመሪያ ላይ ዝም ይላል። ክንዱ ወደ ትከሻ ከፍታ ሲጠጋ ይነሳል። ከትከሻ በላይ በደንብ ካለፈ በኋላ መልሶ ይቀላል። ሕመሙ የሚሰማው ከላይ ጫፉ ላይ ብቻ ሳይሆን በክንድ የውጭ ጎን፣ ክትባት በሚወጉበት ቦታ ጭምር ነው። በዚያ ጎን ሲተኙ ይጠዘጥዛል፤ ሌሊት ያስነሳል። ከኪስ ቦርሳ ማውጣት፣ ጀርባ ማከክ፣ ነጠላ ወደ ትከሻ መወርወር፣ ሶላት ላይ ለተክቢራ እጅ ማንሳት ጥርስ ያስነክሳል።

አሁን ሌላ ሰው ክንዳችሁን ይዞ ያንሳላችሁ፤ እናንተ አትርዱት። እያመማችሁም ቢሆን ከፍ የሚል ከሆነ ደግ ነው። በሰው እጅም የማይነሳ፣ ክርናችሁን ጎናችሁ ላይ አጣብቃችሁ መዳፋችሁን ወደ ውጭ ማዞር ያቃታችሁ ከሆነ ግን መገጣጠሚያው ራሱ ደርቆ ሊሆን ይችላል። ይሄ ከ40 ዓመት በላይ ባሉ ሰዎች፣ በተለይ ስኳር ባለባቸው ይበዛል። ለመዳንም ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። ክንዱን ሰው ሲያነሳው ይነሳና ሲለቀው ዱብ የሚል ከሆነ ደግሞ ጅማት ተበጥሶ እንደሆነ መታየት አለበት። ሕመሙ ከአንገት ተነስቶ ከክርን በታች የሚወርድ፣ ጣት የሚያደነዝዝ ከሆነ ምንጩ አንገት ሊሆን ይችላል።

ቤት የማይታከሙት

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ከታች ካሉት አንዱ ካለ ይህን ጽሑፍ ትታችሁ ሆስፒታል ሂዱ።

- የግራ ትከሻና ክንድ ሕመም ከደረት መጨነቅ፣ ከላብ፣ ከትንፋሽ ማጠር ወይም ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ። ይህ የልብ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። «ትንሽ ልረፍና ልየው» አይባልም።
- ትከሻው ቀልቶ፣ ግሎ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ። ከረጢቱ ወይም መገጣጠሚያው ውስጥ መግል ሊኖር ይችላል።
- ከወደቃችሁ በኋላ ትከሻው ቅርጹን ከቀየረ ወይም ክንዱ ፈጽሞ ካልታዘዘ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

እረፍት ማለት ክንድን በሻሽ አንገት ላይ ማንጠልጠል አይደለም። ይህን የምለው ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው እሱን ስለሆነ ነው። ለሳምንታት የታሰረ ትከሻ ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ ሁለት በሽታ ነው የምታክሙት። ክንዱን ከትከሻ በታች እንደ ልባችሁ ተጠቀሙበት። ብሉበት፣ ጻፉበት፣ ቡና ቅዱበት። ከትከሻ በላይ ማንሳት፣ ከባድ መሸከም፣ መወርወርና በድንገት መጎተት ብቻ ይቅር።

ቀጥሎ ቅዝቃዜ። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ላስቲክ ውሃ ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ፤ ሲረጋ ስለሚሰፋ አፉን ትንሽ አጉድሉት። ከዚያ በፎጣ ጠቅልላችሁ ትከሻው ላይ ለ15 ደቂቃ ያህል አሳርፉት። በቀን ሦስት አራት ጊዜ። በረዶውን በቀጥታ ቆዳ ላይ አታድርጉት፤ ያቃጥላል። መብራት ከጠፋም በደሴ የቧንቧ ውሃ የተነከረና የተጨመቀ ፎጣ ማለዳ ላይ በደንብ ይቀዘቅዛል። «ብርድ ያመጣውን በበረዶ?» ማለታቸው አይቀርም፣ በተለይ እናቶች። ትኩስ ነገር ክልክል አይደለም፤ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ዝለሉት። ከዚያ በኋላ ትከሻው የሚያስቸግረው በማበጥ ሳይሆን በመገተር ከሆነ፣ ከእንቅስቃሴ በፊት ሞቅ ያለ ፎጣ ያፍታታል።

ማስታገሻን በተመለከተ ቀላሉ ፓራሲታሞል ነው። ጉበቱ ጤነኛ ለሆነ አዋቂ የ500 ሚሊ ግራሙን አንድ ወይም ሁለት ፍሬ፣ በየስድስት ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ሳይበልጥ። አይቡፕሮፌን እብጠቱን ጭምር ይቀንሳል፤ 400 ሚሊ ግራም በቀን እስከ ሦስት ጊዜ፣ ምግብ ከበሉ በኋላ፣ ለአምስት እስከ ሰባት ቀን ቢሆን ነው። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም፣ ደም ግፊት ወይም አስም ያለባችሁ፣ ደም ማቅጠኛ የምትወስዱና እርጉዝ የሆናችሁ ሐኪም ሳያያችሁ አትንኩት። ፆም ላይ ያላችሁ በባዶ ሆድ አትዋጡት። በረመዳን ከኢፍጣርና ከሱሁር በኋላ፣ በዐቢይ ፆም ካስቀደሳችሁና ከበላችሁ በኋላ ይሁን።

ሁለት ነገር አደራ። አንደኛ፣ አይቡፕሮፌን እየዋጡ ዳይክሎፌናክ መወጋት በአንድ ዓይነት መድኃኒት ሁለቴ መመታት ነው፤ ጨጓራና ኩላሊት ናቸው የሚከፍሉት። ሁለተኛ፣ ፋርማሲ ሄዶ «ያቺን ቁርጥማት የምታጠፋውን ትንሿን ስጠኝ» ማለት ይቅር። ያቺ ትንሿ ብዙ ጊዜ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን ናት። ሕመሙን በአንድ ቀን ትወስደዋለች፤ ያለ ሐኪም ሲደጋገም ግን ስኳር ትጨምራለች፣ ግፊት ታስነሳለች፣ አጥንት ታሳሳለች።

እንቅልፍ። በታመመው ጎን አትተኙ። በጀርባ ከተኛችሁ ከክርን ሥር ትንሽ ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ አድርጉ፤ ክንዱ ወደ ኋላ እንዳይወድቅ። በደህናው ጎን ከተኛችሁ ትራስ እቀፉና ክንዱን እላዩ ላይ አሳርፉ። ሌሊቱ ከቀለለ ቀኑ ይቀላል።

ማንቀሳቀስ፦ ከሁለተኛ ሦስተኛ ቀን ጀምሮ

ዋናው መድኃኒት ይኸው ነው። ዘለግ አድርጌ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ማወዛወዝ ነው። ደህናውን እጅ ጠረጴዛ ላይ ተደገፉ። ከወገብ ጎንበስ በሉ። የታመመውን ክንድ ወደ መሬት ልቀቁት፤ ፈጽሞ ዝልፍልፍ ይበል። አሁን ክንዱን አታወዛውዙት። ሰውነታችሁን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስታንቀሳቅሱ እሱ ራሱ ይከተላል። ከዚያ ወደ ጎን፤ ከዚያ በትንሹ ክብ። ልዩነቱ እዚህ ነው፤ ትከሻው ሥራ ከሠራ ስታችኋል። ጣቶቻችሁን እዩ፤ ጭብጥ ካሉ ጡንቻው አልተፈታም። አንድ ሁለት ደቂቃ ይበቃል፤ በቀን ሦስት ጊዜ።

ሁለተኛው ግድግዳ መውጣት ነው። ግድግዳ ፊት ለፊት ቁሙ። ጣቶቻችሁ በደረት ልክ ይጀምሩና ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ይውጡ። ሕመሙ ሲጀምር ቁሙ፣ አምስት ቁጠሩ፣ በዚያው መንገድ ውረዱ። የደረሳችሁበትን በእርሳስ ምልክት አድርጉ። በየሳምንቱ ጥቂት ጣት ከፍ ካለ መንገዳችሁ ትክክል ነው። ሁለት ሳምንት ያው መስመር ላይ ከቆመ ለባለሙያ አሳዩት።

ሦስተኛው የመጥረጊያ እንጨት ይፈልጋል። በጀርባ ተኙ። ሁለቱንም ክርኖች ጎናችሁ ላይ አጣብቁ፣ ዘጠና ዲግሪ አጥፉ፣ እንጨቱን በሁለት እጅ ያዙ። በደህናው እጅ እየገፋችሁ የታመመውን መዳፍ ወደ ውጭ ውሰዱት። አሥር ጊዜ፣ ቀስ ብሎ።

ምን ያህል ሕመም ይፈቀዳል? ከአሥር ሦስት ያህል ከሆነና ስትጨርሱ የሚረግብ ከሆነ ቀጥሉ። በማግስቱ ጠዋት የባሰ ከሆነ ትናንት አብዝታችኋል፤ ቀንሱ። ፈጽሞ አታቁሙ።

ማጠንከር

ሌሊት መተኛት ከቻላችሁና ክንዱ በመጠኑ ከተነሳ ማጠንከር ይጀመራል። ቀላሉ ቁጭ ብሎ የሚሠራው ነው፤ ጀርባችሁ ላይ ያሉትን ሁለት ሰፋፊ የትከሻ አጥንቶች ወደ መሐል አቀራርቡ፣ አምስት ቁጠሩ፣ ልቀቁ፣ አሥር ጊዜ። ትከሻችሁ ወደ ጆሮ እንዳይወጣ ተጠንቀቁ።

ቀጥሎ በር። ክርናችሁን ጎናችሁ ላይ አጥፋችሁ የመዳፋችሁን ጀርባ በበሩ ጉበን ላይ ግፉ። ጉበኑ አይነቃነቅም፤ ጡንቻው ግን ይሠራል። በሙሉ ኃይል አይደለም፤ ሲሶውን ያህል። አምስት ሰከንድ፣ አሥር ጊዜ። ከዚያ በመዳፉ በኩል ወደ ውስጥ።

ይህ ከቀለለ ላስቲክ ያስፈልጋል። የስፖርት ዕቃ መሸጫ ሄዳችሁ ገንዘብ አታውጡ። ጎሚስታ ጋ ጎራ በሉና ያረጀ የብስክሌት ከመነዳሪ ጠይቁ። በቁመቱ ሁለት ጣት በሚያህል ስፋት ቁረጡት፣ በሳሙና እጠቡት፣ በር እጀታ ላይ እሰሩት። ክርን ጎን ላይ ተጣብቆ፣ በክርንና በጎን መካከል ትንሽ የተጠቀለለ ፎጣ ይግባ። ላስቲኩን ወደ ውጭ ሳቡ፣ ቀስ ብላችሁ መልሱ። አሥር አሥራ አምስት ጊዜ፣ ሁለት ዙር፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ፎጣው ከወደቀ ክርናችሁ ከጎን ርቋል ማለት ነው። ለውጡ በሳምንት አይታይም፤ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ስጡት።

ወጌሻ ጋ ልሂድ?

ወጌሻ የወሎ ሰው ባለውለታ ነው፤ ይህን አልክድም። ግን የቆጣ ከረጢት ቦታው የለቀቀ አጥንት አይደለም። የሚመለስ ነገር የለውም። በቅቤ አሽቶ፣ ክንድን ጎትቶ «ቋ» ማድረግ የቆጣውን የበለጠ ያስቆጣል፤ ጅማቱ የተጎዳ ከሆነም መበጠሱን ያባብሳል። አንዲት ጎረቤቴን ይህን ብነግራቸው «ልጄ፣ እሱማ እጁ መድኃኒት ነው» አሉኝ። «እትዬ፣ እጁማ ይሁን፤ ግን አይጎትትዎት» አልኩ። ትከሻውን ሳይነካ አንገትና ጀርባን በስሱ ማሻሸት ጉዳት የለውም፤ ያዝናናል። ከዚያ የዘለለ ይቅር።

ሐኪም ጋ መቼ፣ ምንስ ይጠበቃል?

ሁለት ሦስት ሳምንት በትክክል ሞክራችሁ ለውጥ ከሌለ ሂዱ። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያላችሁ ከቀበሌያችሁ ጤና ጣቢያ ጀምሩና ሪፈር አጽፉ፤ በቀጥታ ደሴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ብትሄዱ ወጪው የራሳችሁ ሊሆን ይችላል። ፊዚዮቴራፒ (በእንቅስቃሴ የሚያክም ክፍል) ካለ እንዲልኳችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ታካሚ ካልጠየቀ አይላክም።

ራጅ ላይ ቡርሳ አይታይም። «ራጅ ተነሥቼ ምንም የለብህም አሉኝ» የሚል ሰው ሞልቷል፤ ራጁ አጥንቱ ደህና ነው ነው ያለው። ከረጢቱንና ጅማቱን የሚያሳየው አልትራሳውንድ ነው። ሕመሙ እንቅስቃሴ የማያስጀምር ከሆነ ሐኪሙ ከረጢቱ ውስጥ የስቴሮይድ መርፌ (እብጠትና ቁጣን የሚያበርድ፣ ከነፕሬድኒሶሎን ወገን የሆነ መድኃኒት) ሊወጋ ይችላል። ለሳምንታት ያስታግሳል፤ ያንን ፋታ ለእንቅስቃሴው ተጠቀሙበት። ተወግቶ በማግስቱ ኩንታል መሸከም ግን መርፌውን ማባከን ነው። ስኳር ያለባችሁ ለጥቂት ቀናት ስኳራችሁ ከፍ ስለሚል ለክታችሁ ተከታተሉ። አንድን ትከሻ በዓመት ከሦስት አራት ጊዜ በላይ ማስወጋት አይመከርም።

እንዳይመለስ፦ ሥራውን መቀየር

ልብስ ሰፊዎችና የፋብሪካ ልጆች፣ ወንበራችሁን እዩ። ጠረጴዛው ከክርናችሁ በላይ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ትከሻችሁን ወደ ጆሮ ሰቅላችሁ ነው የምትሰፉት። ወንበሩ ከፍ የማይል ከሆነ የታጠፈ ጨርቅ አድርጉበት። የሚሰፋው ጨርቅ ከፊት ለፊት ይቀመጥ እንጂ ከጎን ከሩቅ አይጎተት። በየሰዓቱ አንድ ደቂቃ ክንድ ማንጠልጠል ከምርት ላይ ምንም አይቀንስም።

የታክሲ ረዳቶች ሌላ ጣጣ አለባቸው። ከደሴ ኮምቦልቻ ድረስ አንድ እጅ የጣሪያ ብረት ይዞ፣ ሐረጎ ላይ መኪናው በታጠፈ ቁጥር መላ ሰውነት በዚያ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል። እጅ ቀያይሩ። ከራስ በላይ ያለውን ከመያዝ የወንበሩን መደገፊያ በደረት ልክ ያዙ። ባጃጅ ነጂዎች ክርናችሁን ትንሽ አጥፉ፤ እጀታውን አንቃችሁ አትያዙ።

ኩሽና ውስጥ ትልቁ ጥፋት የምጣዱ ከፍታ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ጠረጴዛ ላይ ሲሰቀል፣ ሊጡን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ለማዞር ክርን በትከሻ ልክ ይነሳል። በአንድ ጊዜ ሠላሳ እንጀራ ማለት ሠላሳ ጊዜ ነው፤ ሰፌዱን ስትጨምሩበት ስልሳ። ምጣዱን ከወገብ ብዙ ወደማይበልጥ ከፍታ አውርዱት፣ ወይም ጠንካራ መርገጫ ላይ ቁሙ። ማዞሪያውን ጣሳ በግማሽ ሙሉ። ቡና ስትወቅጡ ሙቀጫው መሬት ይሁን፣ እናንተ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ፤ ዘነዘናው ከደረት በላይ አይውጣ። በየቀኑ የምትፈልጉት በርበሬና ሽሮ ከላይኛው መደርደሪያ ይውረድ፤ እዚያ የሚወጣው በዓመት አንዴ የሚነካው ብረት ድስት ነው። የልብስ ማስጫ ገመዱንም ዝቅ አድርጉት።

ውሃ በሚጠፋበት ሰሞን 20 ሊትር ጀሪካን በአንድ እጅ አንጠልጥሎ ዳገት መውጣት ለትከሻ ክፉ ነው። አሥር አሥሩን በሁለት እጅ አድርጉት። ሹሩባ የምትሠሩ፣ ደንበኛዋን ዝቅ ያለ ቦታ አስቀምጧት፤ ቀለም ቀቢዎች፣ መሰላሉን አንድ ደረጃ ጨምሩና ክንዳችሁን አውርዱ።

ስለ በርጫም፣ ስለ ጫቱ ቁጭታ ማለቴ ነው፣ ላንሳ። በአንድ ክርን ትራስ ላይ ተደግፎ ከምሳ በኋላ እስከ ማታ መቀመጥ የክንዱን አጥንት ወደ ላይ እየገፋ ያንኑ ከረጢት ይጫነዋል። ሁልጊዜ በአንድ ጎን የምትደገፉ ከሆነ የሚያመው ትከሻ የትኛው እንደሆነ አስተውሉ። ጀርባን ግድግዳ አስደግፎ መቀመጥ ይሻላል።

ሥራ ቦታ ላይ

ተቀጣሪ ከሆናችሁ ዝም ብላችሁ አትቅሩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የሕክምና ማስረጃ ካቀረበ የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው 1 ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር። ከቀራችሁ በማግስቱ ለአሠሪው አሳውቁ። ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ «እረፍት» ብቻ ሳይሆን «ከትከሻ በላይ ማንሳት የማይችል» ብሎ እንዲጽፍ ጠይቁ፤ አለቃችሁ ወደ ቀላል ሥራ ሊያዛውራችሁ የሚችለው ይህን ሲያይ ነው።

ስትመለሱ በመጀመሪያው ሳምንት ግማሹን ያህል ሥሩ። ሕመሙ ከተነሳ ከላስቲኩ ሳይሆን ከማወዛወዙ እንደገና ጀምሩ። በዓመት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ከተመለሰ ግን ጅማቱ በአልትራሳውንድ ይታይ።